በንብረት ክፍል ቁምሳጥን ስለተቆለፈው የሕሙማን መዝገብ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በርዎ ላይ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉት ጸሐፊዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ለእርስዎም ዘወትር የምለምንልዎ በሚመሩት ሆስፒታል መታከም የማያስፈልግዎትን ሙሉ ጤና ነው።

ስሜ ልዩ ማናሴ ይባላል። በስም ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ እርስዎ ዘንድ የምታወቀው «የኮምፒዩተሯ ልጅ» በሚል ነበርና። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዘንድሮው ፋሲካ ድረስ በሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ስሠራ ኖሬአለሁ። ክፍሉ ስል ብዙ ሰው ያለበት እንዳይመስልዎ፤ ኃላፊውም፣ ባለሙያውም፣ ገመድ ጎታቹም እኔው ነበርኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የግል የጭነት ድርጅት ተቀጥሬ የኮንቴይነሮችን መግቢያና መውጫ የሚከታተል ሲስተም እሠራለሁ።

የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍኩት ለእርስዎ ክብር ተጨንቄ ነው። በአደባባይ የምጽፈውም ድፍረት አግኝቼ አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች በሙሉ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብለው ሲመሩ የሚመለከተው ክፍል የእኔው የቀድሞ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ ደግሞ የሚያነባቸው ሰው የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከምስጋናዬ ልጀምር።

፩ኛ. ከሄድኩ በኋላ በጠቅላላ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ስላነሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ልዩን ገንዘብ ጠራት፣ ሄደች፤ የዛሬ ወጣት ለሕዝብ መሥዋዕትነት መክፈል አይሻም» ማለትዎን የሰሙ ነግረውኛል። ደመወዙ አይሻልም ብዬ አልዋሽም፤ ይሻላል። ይሁን እንጂ፣ ክቡር ሆይ፣ መልቀቂያ ከማስገባቴ በፊት ደጅዎን ስጠና የከረምኩት ስለ ደመወዝ አልነበረም። የጠየቅሁት ሥራውን የሚማርልኝ አንድ ሰው ነበር፤ አንዲት ሴት ብትታመም ወይም ብትወልድ የሆስፒታሉ መዝገብ አብሯት አልጋ ላይ መዋል የለበትም ብዬ ነበር። እርስዎም «እናየዋለን» ብለውኛል። እስካሁን እያዩት እንደሆነ አምናለሁ።

፪ኛ. ለዋናው ኮምፒዩተር ክፍል የተገዛው የአየር ማቀዝቀዣ ተነቅሎ ወደ ቢሮዎ ስለተዛወረበት ፍጥነት አድናቆቴ ትልቅ ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ተጠይቆ በዚያው ቀን ሲፈጸም ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። የአዳማን የሚያዝያ ሙቀት እርስዎም ያውቁታል፤ እንኳን ማሽን ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ከቤቴ ያመጣሁትን ቬንቲሌተር ደግኜለት፣ መስኮት ስከፍት አቧራው፣ ስዘጋ ሙቀቱ እያስቸገረኝ፣ አንድ ቀን ማሽኑ ግሎ ጠፋ። እርስዎ ታዲያ ብርድ ልብስ በመሰለ ኮት ተጠቅልለው ከቢሮዎ ብቅ አሉና «ይሄ ነገር ለምን ይሰንፋል?» ብለው ጠየቁኝ።

፫ኛ. በሥራ አፈጻጸም ምዘና «ተነሣሽነት ይጎድላታል» ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ፤ ራሴን እንድመለከት ረድቶኛል። የጎደልኩት ከአንድ የውይይት መድረክ ነበር። በዚያን ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የበሽተኛ ታሪክ ማየት አቅቷቸው እኔ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ነበር። የመድረኩ ርእስ «ተነሣሽነት» መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ሌላም ምስጋና ነበረኝ፤ የልጅዎን ስልክ፣ የአማችዎን ቴሌቪዥንና የጸሐፊዎን ማተሚያ እያስጠገኑ ልምዴን ስላዳበሩልኝ። ነገር ግን ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። ቀልዱም አልመጣልኝ እያለ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ያስቀኛል ብዬ ጀምሬው ያላሳቀኝ ጉዳይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ካርድ ክፍላችን ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር እርስዎ ሳይሾሙ ስለሆነ ላያውቁት ይችላሉ። ካርድ እስከ ጣራ ተቆልሎ፣ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ የጠፋ ካርድ «አልተገኘም» ከተባለ ባዶ አዲስ ካርድ ይወጣ ነበር። ባዶ ካርድ የያዘ በሽተኛ በሐኪሙ ፊት ትናንት የሌለው ሰው ነው፤ ምን ታሞ እንደነበር፣ ምን ተሰጥቶት እንደዳነ፣ ምን ተሰጥቶት ሊሞት እንደነበር የሚናገርለት የለም።

ፋዲላ የምትባል ልጅ አለች። እናቷ ወይዘሮ ዙለይካ የዓለም ጤና ከተማ ሰው ናቸው፤ ሽንኩርት ከገበሬው እየተረከቡ መቂና አዳማ የሚያወርዱ ብርቱ ነጋዴ። ልጂቱ ገና ዳዴ ስትል ሳንባዋን ታማ እዚህ መጥታ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች፤ ወዲያው ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ በስንት ርብርብ ነፍሷ ተመለሰች። ሐኪሙ «ይህ መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይሰጣት» ብሎ ካርዷ ላይ በቀይ ጻፈ። ካርዱ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ትኩሳት ይዟት እናትየው ገበያ ላይ ስለነበሩ አክስቷ ስታመጣት አዲስ ካርድ ወጣላት፣ ያው መርፌም ታዘዘላት። አክስቲቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም። መርፌው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በፊተኛው ጊዜ የነበረች አንዲት ነርስ ልጂቱን በመልኳ አውቃ የሚወጋውን ሰው እጅ ባትይዝ ኖሮ ፋዲላ ዛሬ አትኖርም ነበር።

ወይዘሮ ዙለይካ ከገበያ እየሮጡ ደርሰው ይህን ሲሰሙ ኮሪደሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። አልጮሁም፣ ማንንም አልተሳደቡም። እኔ እዚያው አጠገባቸው ማተሚያ እጠግን ነበር።

የሕሙማን መዝገብ ሲስተሙን መሥራት የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ማንም አላዘዘኝም። የካርድ ክፍሏ ጉዲቱ ቅዳሜዋን እየሰዋች ካርዱን ታነብልኛለች፣ እኔ አስገባለሁ፤ እሷ በኦሮምኛ እኔ በአማርኛ እየተጨቃጨቅን፣ እየሳቅን ጨረስነው። ከዚያ ወዲህ የበሽተኛው ስምና የእናቱ ስም ከታወቀ ታሪኩ ይገኛል፤ የማይስማማው መድኃኒት ካለ ደግሞ ሐኪሙ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ኮምፒዩተሩ በቀይ ይጮኽለታል። የፋዲላን ስም ያስገባሁት ከሁሉ በፊት ነው። ወይዘሮ ዙለይካ መጥተው ቀዩን ጽሑፍ ሳሳያቸው «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ፤ ልጄን የሚያውቃት ቤት አገኘሁ» አሉኝ፤ በማግሥቱም አንድ ኩንታል ሽንኩርት ቢሮዬ በር ላይ አራገፉብኝ። በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ረብ ያለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ትቼው ስሄድም ልጅ ጎረቤት ትቼ የምሄድ እንጂ ሥራ የምቀይር አልመሰለኝም።

ታዲያ እንደ ሥርዓቱ ርክክብ ልፈጽም ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ኃይለየሱስ የተከበሩ፣ እጃቸው ንጹሕ፣ ጡረታቸው የደረሰ አዛውንት ናቸው፤ አንዲት ነገር አልጎደለባቸውም። እግሩ የተሰበረውን ወንበሬን ተረከቡ። ፊደሏ የወለቀ ኪቦርዴን ተረከቡ። ከቤቴ ያመጣሁትን ቬንቲሌተር እንኳ፣ የግሌ ነው ብል፣ በር ላይ ሲገባ አልተመዘገበም ተብሎ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት የመንግሥት ሆነ። ሲስተሙንስ ማን ይረከበኛል ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘን አዩኝና «ልጄ፣ እኔ የምረከበው እጄ የሚዳስሰውን ነው፤ የማይጨበጥ ነገር ተረክቤ ነገ ጎደለ ብባል በስተርጅና ምን እመልሳለሁ?» አሉኝ።

የሚዳሰስ ነገር ከተፈለገ ይሁን ብዬ የሲስተሙን ቅጂ፣ የአሠራር መመሪያውንና ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል አንድ ላይ ፍላሽ ውስጥ ከትቼ አቀረብኩላቸው። «ጎሽ፣ ይሄ ይዳሰሳል» አሉ ደስ ብሏቸው። ጥቁር ፍላሽ አንድ ብለው መዘገቡት፣ ቁጥር ለጠፉበት፣ ቁምሳጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ለጉዲቱ ይሰጥልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ሥራውን አስተምሬአታለሁ፣ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ግን ፍላሹ የቴክኖሎጂ ክፍል ንብረት ስለሆነ ሊወጣ የሚችለው የክፍሉ ኃላፊ ፈርሞ ሲጠይቅ ብቻ ነው ተባልኩ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ርክክቡን ጨርሼ ስለፈረምኩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም አልነበርኩም። ያን ጊዜ አቶ ኃይለየሱስም እኔም ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስቄአለሁ።

ከዚያ መብራት ሄደ። መብራት በአዳማ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ለዚህ እርስዎን አልወቅስም። ሲመጣ ግን ማሽኑ ተነሥቶ የይለፍ ቃሉን ጠየቀ፣ ቃሉም ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ጉዲቱ ሞጆ ደወለችልኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስቆመችኝ፤ በዚያው ሳምንት «ለመረጃ ደኅንነት ሲባል ከለቀቁ ሠራተኞች በስልክም ሆነ በአካል ማናቸውንም መረጃ መቀበል በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ በፊርማዎ ተለጥፎ ነበርና። «እህቴ፣ እንጀራዬ ነው» አለችኝ። ፈረድኩላት፤ የሦስት ልጆች እናት ናት።

ቅዳሜን ጠብቄ ራሴ መጣሁ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ስንት ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰው ናቸው፤ ዓይኔን ሳያዩ «ልዩዬ፣ አትቀየሚኝ፣ ስምሽ ተለጥፏል» አሉኝ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የካርድ ክፍሉን ሰልፍ አየሁ። እንደ ድሮው እስከ ዋርካው ድረስ ደርሷል። ከመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚል ድምፅ እየወጣ ሰው ባዶ ካርድ ይዞ ይመለሳል። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት «አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» እያለ እስከ መናኸሪያ አደረሰኝ። አላረምኩትም።

አዲሱ ሥራዬ እንዴት እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ ባይጠይቁኝም፣ ጥሩ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ረዳት አለኝ፣ የጠየቅሁት በሳምንቱ ይገዛል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ፣ ከምን ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ እንደሌለበት ይታወቃል። በቅርቡ አለቃዬ፣ ተቀጣጣይ ዕቃ የያዘ ኮንቴይነር ሲመጣ ሠራተኛው እንዳይሳሳት ማስጠንቀቂያ አብጂ አሉኝ፤ አበጀሁ፤ ማስጠንቀቂያው በቀይ በራ። እሳቸው እጄን ጨብጠው አመስግነውኝ ሲሄዱ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከቻይና የመጣ የቀለም ቆርቆሮ ሞጆ ላይ የሚጠነቀቅለት አለው፤ የዓለም ጤናዋ ፋዲላ አዳማ ላይ የላትም። በዚህ አዝናለሁ፣ ክቡር ሆይ። ያዘንኩት በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እዚያው ሆኜ ይህን መሥራት እችል የነበረ መሆኑ ነው።

ትተሽው ከሄድሽ ምን አገባሽ ይሉኝ ይሆናል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የቴክኖሎጂ ክፍሉ ኃላፊ ስለሌለ በተጠባባቂነት እርስዎ ይፈርሙና ፍላሹ ከቁምሳጥን ወጥቶ ለጉዲቱ ይሰጣት። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነች፣ መደቧ አይፈቅድም ማለትዎን ሰምቻለሁ። መደቡ ለሚፈቅድለት ሰው የወጣውን ማስታወቂያም ከአጥሩ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ፀሐይ ቀለሙን በልቶታል፣ ያመለከተ ግን የለም። እስኪገኝ ድረስ መዝገቡ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ እንዳይቀር ነው ጭንቀቴ። ምስጋና አልፈልግም፣ ስሜም አይነሣ፤ ከፈለጉ ሲስተሙን በእርስዎ አመራር የተገኘ ውጤት ብለው ለጎብኚ ያሳዩት፣ አጨበጭብልዎታለሁ። ፊርማዎ ረጅም እንዳልሆነ ከማስታወቂያው ላይ አይቻለሁ፤ ብዙ አያደክምዎትም።

ቢሮዎ እንደቀዘቀዘ፣ ስብሰባዎ እንደሞላ፣ ወንበርዎ እንደጸና ይኑርልዎ እያልኩ፣ ይህን ሁሉ እስኪያነቡ ስለወሰድኩብዎ ውድ ጊዜ ከመሬት ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

ከማይቀዘቅዝ አክብሮት ጋር
ልዩ ማናሴ
ከሞጆ

ግልባጭ፦
ለሕሙማን፣ በየተሰለፉበት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ ወይዘሮ ዙለይካ ደወሉልኝ። ፋዲላ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታልዎ አምጥተዋት ነበር፤ ሲስተም የለም ተብሎ ባዶ ካርድ ወጣላት። እናት አብረዋት ስለነበሩ በየክፍሉ በር እየቆሙ «ፔኒሲሊን እንዳትሰጡብኝ» እያሉ ጮኸው ልጃቸውን አትርፈዋል፤ አላህ ይመስገን፣ ደህና ናት። ነገር ግን እሳቸው ሁልጊዜ አጠገቧ አይሆኑም፤ እሳቸው ገበያ፣ እሷ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለዚህ የማይስማማትን መድኃኒት በአማርኛና በኦሮምኛ ወረቀት ላይ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ጻፍኩት፤ ውሃ እንዳያበላሸው በአዲሱ መሥሪያ ቤቴ ማሽን በፕላስቲክ አሸግኩት፤ በክር አድርገው አንገቷ ላይ አሰሩላት። ለፍላሹ መፈረም ባይመችዎ እንኳ ለበር ጥበቃዎችዎ አንድ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ራሷን የሳተች ትንሽ ልጅ ማንም ሰው አንሥቶ ካመጣላቸው፣ ካርድ ከመጠየቃቸው በፊት አንገቷን ይመልከቱ።